ስልሳ ሊትር ባሕር

ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ገንዳውን ካየ በኋላ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ውሃው ላይ ጨው ጨምረህበት ነው?»

አዎ ብል እንዴት በቀለለኝ። ገንዳው ስልሳ ሊትር ይይዛል። ሰበታ፣ አባቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ድሮ ቴሌቪዥኑ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና ድንጋይ ላይ የተጣበቁ ለስላሳ ኮራሎች አሉ። ኮራል ሲያዩት አበባ ይመስላል፤ ግን እንስሳ ነው። አፍ አለው፣ ሆድ አለው፣ ማታ እጁን ዘርግቶ ያድናል። ቀን ቀን ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ያበሉታል። ይሄ ፍጡር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ፣ ወጨጫ ተራራ ሥር ምን ይሠራል ብትሉ፣ መልሱ ረጅም ነው። ከጨው ልጀምር።

እኛ ጨው ያጣን ሕዝብ አይደለንም። አሞሌ ገንዘባችን ነበር። አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተኛው የአሳሌ ሜዳ እስከ ዛሬ በመጥረቢያ እየተቆረጠ በግመል ይጫናል። ያ ጨው የቀይ ባሕር ውሃ ነበር። የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ ባሕሩ ዳናኪል ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ነበር፤ በኋላ መግቢያው ተዘጋና ውሃው በፀሐይ አለቀ። ታዲያ ያንን ጨው ውሃ ውስጥ ብንመልሰው ባሕር ይሆናል? አይሆንም። የባሕር ውሃ ሲተን ሁሉን ነገር በአንዴ አይጥልም። መጀመሪያ ካልሲየም ካርቦኔት ይወርዳል፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከውሃው ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ ካለቀ በኋላ የምንበላው ጨው፣ መጨረሻ ላይ ፖታሽና ማግኒዚየም። ዳሎል ላይ ፖታሽ የሚፈለገው ለዚህ ነው። በሌላ አነጋገር ባሕራችን አገራችን ውስጥ አለ፤ ነገር ግን እንደ ተፈታ ሞተር፣ ዕቃው እየተለየ በየመደርደሪያው ተቀምጧል። ኮራል የሚፈልገው የተገጠመውን ነው፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 420 ሚሊግራም አካባቢ ካልሲየም፣ 1,300 አካባቢ ማግኒዚየም፣ ሌላውም በየልኩ። የወጥ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ አዮዲን ተጨምሮበት። ስለዚህ የጨው አገር ልጅ ሆኜ የተመጠነ የባሕር ጨው በሻንጣ ከዱባይ አስመጣለሁ። ይሄን ስነግራቸው የሚስቁ አሉ፤ እኔም እስቃለሁ።

ዳናኪል ጠርዝ ላይ ግን ከጨውም የሚበልጥ ነገር አለ። ያ ባሕር በነበረበት ዘመን ዳርቻው ላይ የበቀለው ኮራል ድንጋይ ሆኖ እስከ አሁን ቆሟል። ሪፍ አለን ማለት ነው፤ ደረቅ። በነገራችን ላይ ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በ1830ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ምጽዋ ተቀምጦ የቀይ ባሕር ዓሦችን ሰብስቧል። ከ1835 እስከ 1840 በየክፍሉ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እነዚያን ዓሦች ያስገባቸው «የአቢሲንያ እንስሳት» በሚል ርዕስ ሥር ነው። ስለ ባሕር በር በየካፌው በሚወራበት በዚህ ጊዜ ይሄን ማንሳት ለክርክር ይመቻል፤ የኔ ሐሳብ እሱ አይደለም። እኔን የገረመኝ፣ ባሕር እየተባለ በሚወራው ወሬ ሁሉ ውስጥ ወደብ እንጂ ዓሣ አለመኖሩ ነው።

ዓሣውን በዓይኑ ያየው አባቴ ነው። በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ መካኒክ ነበር፤ ምጽዋ፣ በኋላም አሰብ። በ1983 ሁሉም ነገር ሲበተን ወደ ሰበታ ተመለሰና ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ጠበቀ። እንደ ፊልሙ ስለ ባሕር ሲያወራ ዓይኑ እንባ የሚያቀር ሽማግሌ ግን እንዳይመስላችሁ። ለአባቴ ባሕር ማለት ዝገት ነው። ገንዳውን ልገዛ ነው ስለው ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጨው ብረት ይበላል። ሽቦህን ከፍ አድርገህ እሰር።» እውነቱን ነው። ከገንዳው የሚፈናጠቀው ውሃ ይደርቅና ነጭ ቅርፊት ሆኖ ሽቦ ለሽቦ እየተሳበ ሶኬቱ ድረስ ይደርሳል። አባቴ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። ማንም አላዘዘውም።

ውሃውን የማመጣው ከቡራዩ ነው። እዚያ የማጣሪያ ማሽን ያለው ጓደኛ አለኝ፤ ባለሃያ ሊትር ጀሪካን ይሞላልኛል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪኑ ቢወጣለት እንኳ የኛ አካባቢ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ስለሆነ የከርሰ ምድሩ ውሃ ሲሊካ ይዞ ይወጣል፤ ሲሊካ ደግሞ ቡናማ አልጌ ይቀልባል። እና ባሕር ለመሥራት መጀመሪያ ምንም የሌለበት ውሃ ያስፈልጋል። በአንድ ሊትር ወደ 38 ግራም ጨው እመዝናለሁ፣ አንድ ሌሊት በፓምፕ ይሽከረከራል፣ ጠዋት በሪፍራክቶሜትር ይለካል። የሚፈለገው 35 ነው፤ በሺህ ግራም ውሃ 35 ግራም ጨው። የመጀመሪያውን ባልዲ የለካሁ ቀን አባቴ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና «ከምጽዋው ይቀላል» አለኝ። ሄጄ አነበብኩ። ቀይ ባሕር ትነቱ ብዙ፣ የሚገባበት ወንዝ የሌለ ስለሆነ ከሌሎች ባሕሮች ይልቅ ጨዋማ ነው፤ ወደ ሰሜን ሲኬድ 40 ይደርሳል። ሰውዬው ከሠላሳ ዓመት በላይ ባሕር ሳያይ ልዩነቱን በምላሱ ያዘው። እኔ መሣሪያውን የገዛሁት በስንት ብር መሰላችሁ!

ከዚያ ጥበቃ ነው። ዓሣ ከመግባቱ በፊት ድንጋዩ ላይ ባክቴሪያ መራባት አለበት። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ ራሱን ይገድለዋል፤ አንዱ የባክቴሪያ ዘር አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ናይትሬቱ ብዙም አይጎዳም፣ በየሳምንቱ ስድስት ሊትር ስቀይር ይቀንሳል። ይሄ ሰንሰለት እስኪያያዝ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳሎናችን ውስጥ መብራት የበራለት ባዶ ውሃና ድንጋይ ነበር። የጎረቤት እናቶች ቡና ሲጠሩ እየመጡ ያዩታል፣ ያዝናሉ። አንዷ «ልጄ፣ እዚሁ ታች የዓሣ ምርምሩ አለልህ አይደል? ቆሮሶ ለምን አታረባም፣ ይበላል እኮ» አሉኝ። ብሔራዊው የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል በእርግጥም ያለው እኛው ሰበታ ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚጠናበት። ሴትየዋ ትክክል ናቸው። ስልሳ ሊትር ባሕር አይበላም።

አሁን ወደ አየሩ። አትሌቶቻችን ሱሉልታ ሄደው የሚሮጡት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ለሯጭ መልካም የሆነው ለዓሣ መከራ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን ልክ የሚወሰነው በላዩ ባለው የአየር ግፊት ነው፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ግፊቱ ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የባሕር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ሰበታ ላይ ያው ውሃ ቢበዛ 5 ነው። ገና ሲጀመር ሩቡ የለም። ፈረንጆቹ መመሪያ ላይ «ፓምፑ ለጥቂት ሰዓት ቢቆም ችግር የለውም» ብለው ሲጽፉ ማያሚ ወይም ሲድኒ ተቀምጠው ነው። በኛ ከፍታ ያ «ጥቂት ሰዓት» ያጥራል። ለዚህ ነው ዓሣው ሁለት ብቻ የሆነው፤ ገንዳው ግን አራት ይችላል ይሉኛል።

ፕሮግራመር ስለሆንኩ ገንዳው ላይ ሴንሰር ሳልሰካ አልቀረሁም። ሙቀቱን በየደቂቃው ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይልካል፤ አምስት ደቂቃ ዝም ካለ ቴሌግራም ላይ ይጽፍልኛል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ዝምታው ራሱ ነው መልእክቱ።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዝም አለ። እኔ ቦሌ ነኝ፣ ሌሊቱን የምንለቀው ሥራ አለብን። ደወልኩ።

«አባዬ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?»

«አንተ እዚያ ሆነህ ማን ነገረህ?»

«ፓምፑን ባትሪው ላይ አድርገው። ማሞቂያውን እንዳትነካው፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል።»

«ገባኝ። ሥራህን ሥራ።»

ባትሪው ትንሽ ነበር፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በዓለም ገና በኩል ተንጠልጥዬ ስደርስ ነው። ገንዳው በጋቢ ተጠቅልሏል፣ የፊቱ መስታወት ብቻ ይታያል። ውሃው ላይ ሙቅ ውሃ የተሞሉ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች ይንሳፈፋሉ። አባቴ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፤ በእጁ ጆግ ይዟል። ውሃውን ይቀዳና ክንዱን ከፍ አድርጎ መልሶ ያወርደዋል፣ እንደ ሻይ ቀጂ፤ አረፋ እንዲሠራ። በየአሥር ደቂቃው፣ ሃያ ጊዜ። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ። ማሞቂያ ስለሌለ ሙቀቱ ከ25 ተኩል ወደ 21 ወርዷል። ሽሪምፗ ሞታለች፣ ከሳህን ላይ አስቀምጧታል። ዓሦቹ ውሃው ሥር ጥግ ይዘው በኃይል ይተነፍሳሉ፤ ግን አሉ። ኮራሎቹ ተኮማትረው ድንጋይ መስለዋል።

«ለምን አልደወልክልኝም?» አልኩት።

«መጥተህ ምን ልትሠራ? እዚህ ያለው እኮ አንድ ጆግ ነው።»

መብራት የመጣው አራት ሰዓት ላይ ነው። ማታ ላይ ኮራሎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ።

ከዚያ ሌሊት በኋላ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ገዛሁ። ግማሹን ብቻ ብጠቀም 600 ዋት ሰዓት ነው፤ ፓምፑን ለቀናት፣ ማሞቂያውን ለስድስት ሰዓት ይይዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ያልቀለለኝ ሌላው ነው። እነዚህ ዓሦች ከባሕር የተያዙ አይደሉም፣ በሰው ቤት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ኮራሎቹም ቢሆኑ ተቆርጠው የተራቡ። ዕቃውን ያመጣልኝ ነጋዴ ፈቃድ ያለው ነው። ቢሆንም አንድን ፍጡር በሽቦ ላይ እንዲኖር የፈረድኩበት እኔ ነኝ። ያ ሽቦ ሲቋረጥ ደግሞ የሚቀረው የአንድ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ክንድ ነው። ድንጋያማዎቹ፣ ማለትም ሪፍ የሚሠሩት ኮራሎች፣ ሁሉም በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የተዘረዘሩ ናቸው፤ ኢትዮጵያም ፈርማለች። ወረቀቱን መጨረስ ይቻል ይሆናል። አላመጣም። ወረቀቱን ፈርቼ ሳይሆን፣ 21 ዲግሪን ለስላሳዎቹ ቻሉት እንጂ እነዚያ ይችሉታል ብዬ ስለማላምን።

አባቴ አሁን ደብተር ይዟል። እንደ ሞተር ክፍል መዝገብ፣ ጠዋትና ማታ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ የጨው መጠን፣ ፊርማ። ሴንሰሩ በየደቂቃው ይመዘግባል ብለው «እሱ ይፈርማል?» አለኝ። በበጋ በቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይተናል፤ ጨው ስለማይተን ባዶው ውሃ በየቀኑ ካልተተካ ጨዋማነቱ በአንድ ቀን ከ35 ወደ 35.6 ይወጣል። ሊትሩን የሚተካው እሱ ነው። ዓሦቹን «እነዚህ የእኛ አይደሉም» ይላል፤ ትክክል ነው፣ ዘራቸው የፓስፊክ ነው። የቀይ ባሕሩ ዝርያ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሁለት መቀነት ብቻ ያለው ነው። እሱንም በ1830 መዝግቦ ስም ያወጣለት ያው ሩፔል ነበር።

ባለፈው ወር እንጉዳይ የሚመስለው ኮራላችን ለሁለት ተከፈለ፤ ሲደላው እንደዚያ ነው የሚራባው። ሱሉልታ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ገንዳ አቁሞ ስድስት ሳምንቱን ጨርሷል፤ ልጁን ስጠኝ ይለኛል። ጉዞው አያስቸግርም። በፔርሙስ ይዤው በታክሲ ከሰበታ ቡራዩ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ፤ ፔርሙሱ ሙቀቱን ይጠብቅለታል። ሱሉልታ ግን ከእኛም ከፍ ይላል፣ ሌሊቱም ይበርዳል፤ ጓደኛዬ ደግሞ ብቻውን ነው የሚኖረው። ባትሪህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። ላከ፤ ባለ 50 ነው። ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ትንሽ አየውና «ሌሊት ቤቱ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን እንዳለ ለጓደኛዬ ልኬለታለሁ፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።