መብራት ሲጠፋ፦ ዓሦቹና ከሰሉ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ዓሣ ነው። "ዶክተር፣ የእንስሳት ሐኪም ሆንክ እንዴ?" እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ ነገሩ የልጆቻችሁም ጉዳይ ነው።

ባለፈው ክረምት ማታ ክሊኒክ እየሠራሁ ነበር። 2 ሰዓት ገደማ ልጄ ደወለች፤ 8 ዓመቷ ነው። "አባዬ፣ መብራት ከጠፋ ቆየ። ዓሦቼ ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ነው፣ ሊሞቱብኝ ነው!" ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ በሽተኛ ፊቴ ተቀምጧል። "በርዷቸው ይሆናል፣ ሞቅ ታድርግላቸው በያት ለእማማ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በአንድ አፍ ሁለት ስህተት። አንደኛ፣ ዓሣ ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍተው አብዛኛውን ጊዜ አየር ሲያጥረው ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው መንቀሳቀሱን ያቆማል፣ ኦክስጅን እንደ ልብ አይገባበትም። በሽተኛ ሳላይ በስልክ መድኃኒት አላዝም እያልኩ ለእናንተ የምሰብከው እኔ፣ ለዓሣ ሲሆን አዘዝኩ።

ሁለተኛው ግን የባሰ ነው። እናቴ "ሞቅ አድርጊላቸው" ስትባል ምን ታድርግ? ከሰል አቀጣጥላ ምድጃውን ልጆቹ መኝታ ቤት፣ አኳሪየሙ አጠገብ አስቀመጠችው። ብርድ እንዳይገባም መስኮቱንና በሩን ዘጋች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ያልኩትን ነው ያደረገችው።

ቤት ስገባ 4 ሰዓት አልፏል። ልጄ ራሷን አሟት አስመልሷታል፤ እናቴ "እራቱ አልተስማማትም" ብላለች፣ እሷም ራሷን ይዟታል። የ4 ዓመቱ ወንድሟ ተኝቷል፤ ብቀሰቅሰው ቶሎ አልነቃ አለኝ። ያኔ ፍሙን አየሁት። ትንሹን አቅፌ፣ ሁለቱን እየጎተትኩ ደጅ አወጣኋቸው፤ ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል። ኦክስጅን ላይ ሆነው ነው የነጋው። ተመስገን፣ ሦስቱም ደህና ናቸው።

የከሰል ጭስ የለም ማለት መርዝ የለም ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ከቀይ የደም ሕዋሳችን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ይጣበቃል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ስለሆነ ምግብ ወይም ጉንፋን ነው ብለን እንሸወዳለን። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ካመማቸው፣ ቤት ውስጥም እሳት ወይም ጀነሬተር ካለ፣ አትጠራጠሩ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እንኳ 98 ብሎ ሊያታልላችሁ ይችላል። ወተት እናጠጣ፣ ሎሚ እናሽትት እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ። መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር አውጧቸው፣ ከዚያ ሐኪም ቤት፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። መርዙ በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ጀነሬተርም በረንዳና ኮሪደር ላይ አይሆንም፤ ደጅ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ።

እሺ፣ ዓሦቹስ?

ሂተሩንና ፓምፑን ከሶኬት ንቀሉ፤ መብራት ድንገት ሲመጣ እጃችሁ ውሃ ውስጥ እንዳይገኝ። ከዚያ በንጹሕ ኩባያ ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱት። ውሃው በወረደ ቁጥር አየር ይዞ ይገባል። ለጥቂት ደቂቃ አድርጉት፣ አረፍ በሉ፣ ዓሦቹ እንደገና ወደ ላይ ከወጡ ድገሙት። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካገኛችሁ ደግሞ ተገላገላችሁ። ምግብ አትስጡ። ጤነኛ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ቢጾም አይሞትም፤ የተረፈው ምግብ ግን ሲበሰብስ ያለችውን ኦክስጅን ይጨርሳል።

ብርዱን በተመለከተ፣ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። የመስተዋቱን ዙሪያ በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ላዩን ግን ክፍት ተዉት። በጣም ከቀዘቀዘ ለብ ያለ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አንሳፉበት። መብራቱ ለብዙ ሰዓት ጠፍቶ ከነበረ ፊልተሩን ዝም ብላችሁ አታስነሡት፤ ውስጡ የሞተው ባክቴሪያ ተመልሶ ውሃውን ይመርዘዋል። ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ አለቅልቃችሁት ይነሣ።

በነገራችን ላይ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ። በዓሣ ውሃ የሚመጣ፣ ለሳምንታት አልድን የሚል የቆዳ ቁስል አለ፤ ሐኪም ጋር ስትሄዱ ዓሣ እንዳላችሁ ንገሩት፣ ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። ልጆች ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠቡ።

ከሰባቱ ዓሦች ያን ሌሊት ሁለቱ ሞቱ። ልጄ አልተቆጣችኝም፣ ግን ጓሮ ስትቀብራቸው እንድቆፍር አደረገችኝ።

በቀደም ደግሞ መብራት ጠፋ። አልደወለችልኝም። ስገባ በስልክ መብራት ውሃ እየቀዳች ስታፈስ፣ ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ሲቆጥርላት አገኘኋቸው። መቶ ስልሳ ላይ ደርሶ ነበር።