የሰሊጡ ደመወዝ የት ይደር?

መተማ ዮሐንስን አብዛኞቻችን የምናውቃት ከታሪክ ትምህርት ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የተመቱት እዚያ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች። ከዚያ ውጭ የሚወራው ስለ ሙቀቷ፣ ስለ ኮንትሮባንዱና ስለ ምሽቷ ነው። ስለ ምሽቷ እኔም የምለው አለኝ።

የሄድኩት ለአገልግሎት ነበር፤ የሱዳን ጦርነት ከመጀመሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በኅዳር ወር። ከጎንደር በአዘዞ፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል የሚወርደው መንገድ ሰውን ከደጋ ብርድ አንሥቶ በግማሽ ቀን ውስጥ ቆላ ላይ ይጥለዋል። ትምህርቱ የሚጀመረው በማግስቱ ስለነበር አንድ ሙሉ ቀን አገኘሁ። የአጥቢያው ሽማግሌ "ፓስተር፣ ከተማችንን ላሳይዎት" አሉኝና ተያይዘን ወጣን።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ድልድዩ ነው። ዋናው መንገድ እዚያ ያበቃል፤ ማዶው ገላባት፣ ሱዳን ነው። ጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ ሾፌሮቹ ጥላ ፍለጋ ከመኪናቸው ሥር ተኝተዋል። ጀለቢያ የለበሱት ነጋዴዎች አማርኛ ይናገራሉ፤ የእኛዎቹም ዓረብኛውን ያዥጎደጉዱታል። ከዚያ ከከተማው ወጣ ብለን ሜዳውን አየን። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ሠራዊት ካዘነበለ በኋላ ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። ደርቡሾቹ ተከታትለው አስከሬናቸውን ያዙ፤ ራሳቸውንም ወደ ኦምዱርማን ወሰዱት። አሁን በሜዳው ላይ የሚታየው ሂላ ነው፤ ታጭዶና ታስሮ እንዲደርቅ የቆመ የሰሊጥ ክምር። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተፈልቅቆ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በአጨዳ ወቅት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ ብዙ ወጣት ወደዚህ ይወርዳል።

ምሳ ፉል በላን፤ ሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የተከተፈበት። ከዚያ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ከዚያ ዝንጅብል የበዛበት የሱዳን ቡና። ለደጋ ሰው ዝንጅብሉ ይበዛል፤ ሁለተኛውን ስኒ ግን እምቢ አላልኩም።

ቀኑ እንዲህ አለፈ። የምሽቱ ነገር ሌላ ነው።

ሽማግሌው እንዳስረዱኝ ብዙው ሠራተኛ ደመወዙን የሚቀበለው ሥራው ሲያልቅ ነው። በትራክተር ተጎታች ላይ ተጭኖ ከተማ ሲደርስ መሽቷል። ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ የሚነሣው ሊነጋ ሲል ነው። እንግዲህ ልጁ የወራት ላቡን በኪሱ ይዞ፣ ዘመድ በሌለው ከተማ አንዲት ሌሊት ማሳለፍ አለበት። መብራት የሚታይበት በር የመጠጥ ቤቱ በር ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1983 መጠጥን በሕግ ከከለከለች ወዲህ ከማዶም ለቢራ የሚሻገር ሰው አይጠፋም። ሙዚቃው ግማሹ የሱዳን፣ ግማሹ የእኛ ነው።

ከአንዱ ቤት ደጃፍ ከተቀመጠ ልጅ ጋር ተጨዋወትን። ዕድሜው ከሃያ አይበልጥም። ለአባቱ በሬ ሊገዛ ነው የመጣው። "ለምን እዚህ ተቀመጥህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ አልጋ ብይዝ ይሰርቁኛል፤ ሜዳ ብተኛ ይዘርፉኛል። እዚህ ብርሃንም ሰውም አለ። አንድ ቢራ ይዤ እስኪነጋ እቆያለሁ" አለኝ።

አንድ ቢራ እስኪነጋ እንደማይቆይ እሱም እኔም እናውቃለን።

አጠገቡ ቡና የምታፈላው ሴት ሰምታን ኖሮ "ብዙዎቹ ገንዘባቸውን እኔ ዘንድ ነው የሚያስቀምጡት፣ አባቴ" አለችኝ። በፌስታል የተቋጠረ፣ ባለቤቱ የሚለይበት ክር የታሰረበት ገንዘብ ከሣጥኗ አውጥታ አሳየችን። ወደ ካርቱም ልትሄድ መጥታ ስንቋ አልቆ እዚያው የቀረች ናት። ሌሊት ሌላ ምን እንደምትሠራ አልጠየቅኋትም፤ ሽማግሌው መሬት መሬቱን ሲያዩ ግን ገባኝ።

በሉቃስ 15 ስለ ጠፋው ልጅ ስንሰብክ "ገንዘቡን ከጋለሞቶች ጋር ጨረሰ" ማለት ይቀናናል። እባካችሁ ምዕራፉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጌታ ሲተርከው ልጁ ገንዘቡን አባከነ ነው የሚለው። ጋለሞቶችን ወደ ታሪኩ ያስገባቸው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ከቤት ያልወጣው፣ ያላየውን የሚናገረው። በዚያ ምሽት የልጆቹን ገንዘብ ቆጥራ የምትጠብቅላቸው እኛ በዚያ ስም የምንጠራት ሴት ነበረች። ዘዳግም 24 የድሃው ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ በዕለቱ ይከፈል ብሎ ማዘዙም መተማ ላይ ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። በየቀኑ ተከፍሎ በየጊዜው ወደ ቤተሰብ የተላከ ገንዘብ በአንድ ሌሊት አይዘረፍም።

ሜዳ ማደሩም ቀላል አይደለም። በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ የምትራባው የአሸዋ ዝንብ የምትናከሰው ሌሊት ነው፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነት ይከሳል። በሽተኛው ኤች አይ ቪም ካለበት ሕክምናው ይከብዳል፣ በሽታውም ይመላለሳል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለካላዛር የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው፤ ከዚያ አልጋ የሚተኙት ብዙዎቹ ከዚህ ቆላ የተመለሱ ወጣቶች ናቸው።

በማግስቱ ከትምህርቱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነገሩን አነሡት። የጸሎት ቤቱ ግቢ ግንብ አለው፣ መብራት አለው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ግን ቁልፍ ነው። አንዱ "ሌባ ቢገባስ?" አሉ። ሌላው ከበድ ያለውን አነሡ፦ "አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ልጆቻችንን በምንጣፍ አታለሉ ብንባልስ?" አሳቡን ሲጠይቁኝ፣ ሌሊት ላይ ስብከት አይኑር አልኳቸው። ደክሞት የመጣ ሰው ይተኛ፤ ስለ እምነታችን መጠየቅ የፈለገ ነግቶ ይጠይቃል። አንድ ዲያቆን ይህን አልወደዱትም፤ ወንጌል ጊዜ አይመረጥለትም ብለው ተከራከሩኝ። ቢሆንም ለመጀመር ተስማሙ፦ ሰሌን፣ አጎበር፣ አንድ በርሜል ውኃ፣ በየተራ የሚያድሩ ሁለት ዘበኞች። ገንዘብ አስቀማጭ ማን ይሁን ሲባል ረጅም ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ ሽማግሌዬ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ያቺ ቡና የምታፈላው ልጅ ክሩን ታውቅበታለች" አሉ።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ስትነድድ ብዙ ሺህ ሰው በዚያው ድልድይ ተሻገረ። ሽማግሌው በስልክ ሲያገኙኝ ግቢው ውስጥ የሰሊጥ ሠራተኛ አልነበረም፤ ከካርቱም የመጡ እናቶችና ሕፃናት ሰሌኑ ላይ ተኝተው ነበር። "ሰሌኑ ይበቃል፣ ፓስተር" አሉኝ። "የጎደለን ጀሪካን ነው።"