የኦደር ዳር አስነጋሪዎች

«ፍራንክፈርት ገብቻለሁ!» ብዬ ለእናቴ ስደውል አልዋሸሁም። አውሮፕላኑ ያረፈው ፍራንክፈርት ነው፤ የጋበዘኝ ዩኒቨርሲቲም ያለው ፍራንክፈርት ነው። ያልነገርኳት ጀርመን ሁለት ፍራንክፈርት እንዳላት ነው። አንዱ የባንኮቹና የሰማይ ጠቀሶቹ፣ ሁሉም የሚያውቀው። የእኔው ግን አገሪቱን በባቡር አቋርጠው በርሊን ከወረዱ በኋላ፣ ሌላ ባቡር ይዘው ከአንድ ሰዓት በላይ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ፣ ጀርመን አልቃ ፖላንድ ልትጀምር ስትል ከኦደር ወንዝ ዳር የሚያገኙት ነው። ማታ ላይ ስደውል «አሁንም መንገድ ላይ ነህ እንዴ?» አለችኝ እማዬ። ነበርኩ።

ከሻንጣዬ ውስጥ በጣም የከበደኝ ሃያ አራት ገጽ ወረቀት ነበር። በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ስላሉት የመተማና የገላባት የሰሊጥ ነጋዴዎች የጻፍኩት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስፈትለው የኖርኩ ጥናት ነው። አንድ ጆርናል «መረጃው ጥሩ ነው፤ ምን ማለት እንደፈለጉ ግን አልገባንም» ብሎ መልሶልኛል። እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። በየዓመቱ የስንቱን ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ሳደማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን ደብዳቤ ለማንም አላሳየሁም።

በመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ግን ወረቀቱን ማውጣት አልነበረም። ድልድዩን መሻገር ነበር! ከዩኒቨርሲቲው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ከወዲህ ጀርመን፣ ከወዲያ ስሉቢትሰ የምትባል የፖላንድ ከተማ። ፖሊስ የለ፣ ገመድ የለ፣ «መታወቂያ!» የሚል የለ። በኬላ ገመድ ላደገ ሰው ይህ ነገር እንዴት ያስደነግጣል! እግሬ ራሱ መሃል ላይ ቆመ፤ የሚያስቆመኝን ሰው ሲጠብቅ። ያኔ፣ ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ፣ ፍተሻው ቀርቶ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ሲሻገሩ ገንዘቡ ከዩሮ ወደ ዝሎቲ ይለወጣል፣ ቋንቋው ይለወጣል፣ ሲጋራ ይረክሳል። እስከ 1945 ድረስ ሁለቱም አንድ ከተማ ነበሩ። ያን ቀን አምስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሊፍት አዲስ እንደሆነበት ልጅ።

ዩኒቨርሲቲው ቪያድሪና ይባላል። ስሙን የወሰደው ከወንዙ የላቲን ስም ነው። በ1506 ተከፍቶ፣ በ1811 ተዘግቶ፣ የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በ1991 እንደገና ተከፈተ። አንድ መቶ ሰማንያ ዓመት ተኝቶ የነቃ ትምህርት ቤት! ኮሪደሩ ላይ ፖላንድኛው ከዩክሬንኛው፣ ቱርክኛው ከጀርመንኛው ይጋፋል። የማንም አፍ መፍቻ ባልሆነ እንግሊዝኛ ይግባባሉ፤ ሲስቁ ግን ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ይስቃል።

በሁለተኛው ሳምንት የቢሮ ጎረቤቴ ፊቴን አይታ «ረቂቅህን ለተማሪዎቹ ለምን አታሳያቸውም?» አለችኝ።

«ለየትኞቹ ተማሪዎች?»

«ጽሑፍ ማዕከል ላሉት፤ ከሚጽፍ ሰው ጋር ተቀምጠው ለሚያግዙት።»

ሳቄ መጣ። እኔ ነኝ ለተማሪ ረቂቅ የማሳየው? ቀጠሮውን የያዝኩት ትሕትና ይዞኝ አይደለም፤ ጭንቀት ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ውኃ፣ የካርቶን ሳጥን ሙሉ ባለቀለም እርሳስ አለ። ቱተሯ ፖላንዳዊት የሕግ ተማሪ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ከማዶ ነው የምትኖረው፤ ዘወትር ጠዋት አገር ተሻግራ ትማራለች። የእኔ ተማሪ ብትሆን «መምህር» ብላ ብድግ የምትልልኝ ልጅ፣ «አንተ» ብላኝ ቁጭ አለች። መቀመጧም ፊት ለፊቴ አይደለም፤ ከጎኔ ነው። ወረቀቱን መሃላችን አደረገች። እስክሪብቶ ስጠብቅ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን አንድ እስክሪብቶ አንስታ ወደ እኔ ገፋችው። የራሷን እጆች ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ሳታነበው ንገረኝ» አለች። «ምን ልትል ነው?»

ርዕሱን ነገርኳት። አዳመጠች። «እሺ፤ እና ምን ልትል ነው?» የጥናት ዘዴውን ነገርኳት። ነቀነቀች። ያነበብኳቸውን ሊቃውንት ዘረዘርኩላት። በጣም በትዕግሥት አዳምጣ፣ «እነሱ እንዲህ ብለዋል። አንተስ?» አለች። ኮርኒሱን አየሁ። በዚያ ክፍል ኮርኒስ ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ የሠራችው ካርታ አለች፤ ዛሬም ሥዕሏ ዓይኔ ላይ ነው። ከዚያ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ስለ አንድ ነጋዴ አወራኋት። መተማ ላይ ሰሊጥ የሚሸጥ ሰው ነው። «ድንበሩ ሲዘጋ ነው እኔ የማተርፈው፤ ሲከፈትማ ሁሉም ነጋዴ ይሆናል» ብሎኝ ነበር። ሰዉ ሁሉ ድንበር ንግድን ይገድላል ይላል፤ እኔ ግን ያየሁት ድንበሩ ራሱ ሸቀጥ ሆኖ ሲሸጥ ነው፣ አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ይኼ ስንተኛ ገጽ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ገለጥኩ። አሥራ ዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ በግርጌ ማስታወሻ።

ሁለታችንም ሳቅን። እኔ እንባዬ እስኪመጣ ነው የሳቅሁት። ሃያ አራት ገጽ ሙሉ የሌሎች ሰዎችን ድምፅ ደርድሬ፣ የራሴን ከግርጌ ቀብሬዋለሁ! አንድ ፊደል አላረመችልኝም፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ አልነካችም። «ሰዋስዉስ?» ብላት «ልትሰርዘው የምትችለውን አንቀጽ ዛሬ ለምን ታቃናዋለህ?» አለችኝ። ሃምሳ ደቂቃ አልፎ ነበር። ደረጃውን የወረድኩት እየሮጥኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ማጠያየቅ ጀመርኩ። ማዕከሉን በ2007 ያቋቋመችው ካትሪን ጊርገንሶን የምትባል ምሁር ናት። በጀርመን የመጀመሪያው የጽሑፍ ማዕከል በ1993 ቢለፌልድ ላይ ተከፍቷል። ሐሳቡ ግን የአሜሪካ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በ1970 ሁለተኛ ደረጃን ለጨረሰ የከተማው ልጅ ሁሉ በሩን ሲከፍት፣ ጽሑፍ የሚቸግረው ተማሪ ክፍሎቹን ሞላ። ከዩኒቨርሲቲው ኮሌጆች በአንዱ፣ ብሩክሊን ኮሌጅ፣ ያስተምር የነበረው ኬኔት ብራፊ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ተማሪው መምህራን ያዘጋጁለትን እርዳታ ይሸሻል፣ ጓደኛው ጋ ግን ይሄዳል። ለካ የሚሸሸው እርዳታውን ሳይሆን መምህሩን ኖሯል። ስለዚህ ጓደኛውን አሠለጠኑለት። ይህን ስሰማ በዚያ በቀይ እስክሪብቶዬ ስንቱን እንዳሸሸሁ እያሰብኩ ትንሽ አፈርኩ።

እኛስ? እኛም እኮ አብሮ መሥራትን እናውቃለን! ግሩፕ አሳይመንት ተሰጥቶን ጎበዙ ሲጽፍ የቀረነው ስማችንን አስገብተናል፤ የአንዳንዱ ድርሻ ለፎቶ ኮፒ መክፈል ነበር። 1ለ5 ተብለንም ተደራጅተናል። የእኛ አንዱ ግን ጎበዙ ነበር፤ ከአምስቱ በላይ የሚያውቀው፣ መልሱን የያዘው። እዚህ ያየኋት ልጅ ስለ ሰሊጥም ስለ መተማም የምታውቀው አልነበራትም። መልስ ስላልነበራት ነው ጥያቄዋ እውነተኛ የሆነው።

የፈረንጆቹ መጋቢት ገባ። አንድ ሐሙስ ማታ ሕንፃው በሙሉ መብራቱ በርቶ አየሁና ምን ተፈጠረ ብዬ ገባሁ። «የተራዘሙ የቤት ሥራዎች ረጅም ሌሊት» ይሉታል። በ2010 እዚሁ ተጀምሮ ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተዛመተ ልማድ ነው፤ ሥራውን ሲገፋ ሲገፋ የሰነበተ ተማሪ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተሰብስቦ ይጽፋል። እንዴት ያለ ስም ነው! እኛ አገር እንዲህ የሚያፍሩበትን ነገር በር ላይ ለጥፈው፣ ቡና አፍልተው፣ ኑ ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ቱተሮቹ ተራ እየያዙ ከሚመጣው ሰው ጋር ይቀመጣሉ። ማርማላታ የተሞላ ቦምቦሊኖ በትሪ ይዞራል። በየሰዓቱ አንዷ ተነሥታ ሁሉንም ከወንበሩ ሳይነሣ ታፍታታለች፤ ትከሻ፣ አንገት፣ የእጅ አንጓ። ትከሻውን ትንሽ ጠበቅ ቢያደርጉት እስክስታ ይወጣዋል ብዬ አሳየኋቸው። በሚቀጥለው ሰዓት ሃያ ሰው ፊት እንድመራ ተደረግሁ። ኪቦርዱ ዝም ብሎ፣ የጀርመን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ማየት ለብቻው የጉዞ ወጪዬን ያካክሳል።

እኩለ ሌሊት ላይ ሰባት ሆነን አየር ልንቀበል ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ወንዙ ጥቁር ሆኖ ይፈስሳል። ቱተሬ ድልድዩ አጠገብ ቆማ፣ ሃይንሪሽ ፎን ክላይስት የተወለደው እዚህ ከተማ ነው አለች፣ በ1777። ትልቅ ጸሐፊ ነው፤ ሙዚየምም አለው። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ጊዜ ተምሮ አቋርጦ ወጥቷል። ሐሳብ እየተናገሩት ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚሠራ የጻፈው አጭር ድርሰት አለ። አንድ ነገር አልፈታ ሲለው፣ ከኋላው ቁጭ ብላ ሥራዋን ለምትሠራ እህቱ ማውራት ይጀምራል። እህቱ መልሱን አታውቀውም። እሱም አያውቀውም። የጀመረውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ስላለበት ብቻ፣ ሲጨርሰው ሐሳቡ ተሠርቶ ያገኘዋል። «እኛ የእሱ እህት ነን» አለች ልጅቷ፣ እጇን እያፍተለተለች።

የዚያን ጊዜ ነው አያቴ ትዝ ያሉኝ።

አያቴ በልጅነታቸው ጎጃም፣ ዋሸራ፣ ቅኔ ቤት ነበሩ። ቀን ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ከሰው ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ተጠቅልሎ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል፤ ሲመሽ የቆጠረውን ይናገራል። ተማሪው ሲበዛ የኔታ ሁሉንም አይዳረሱትም፤ ስለዚህ ከተማሪዎቹ መሃል የበሰለው ቀድሞ ያዳምጣቸዋል። አስነጋሪ ይባላል። ይህን ቃል ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ውስጡን አይቼው ግን አላውቅም። አራሚ አላሉትም፣ መርማሪ አላሉትም። የሚያስነግር ነው ያሉት! እርግጥ የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ሲያስፈልግ ያርማል፣ ይቆጣልም፤ ሕጉም ዜማ ልኩም አለ። ግን አያቴ ሲያወሩን የማይረሱት ሰው የኔታ ሳይሆኑ እሱ ነበር። ስሙ ጠፍቶባቸዋል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ደበሎውን ሰብስቦ፣ «እህ፣ እና?» የሚለው ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጠፋባቸውም።

ድልድዩ መሃል ላይ ይህን ነገርኳቸው። «አስ-ነ-ጋ-ሪ» እያሉ ፖላንድ ገባን። ስሉቢትሰ አደባባይ ላይ ራቁታቸውን የሆኑ አራት ሰዎች ገና ያልተሟላች ሉል በእጃቸው ከፍ አድርገው የቆሙበት ሐውልት አለ። የዊኪፒዲያ ሐውልት ነው፤ በ2014 የተሠራ። በእኩለ ሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ራቁታቸውን! ከእኛ መሃል አንዱ ሻርፑን አውልቆ የአንዱን እግር ጠቀለለለት።

ጽሑፌን ከግርጌ ማስታወሻው ጀምሬ እንደ አዲስ ጻፍኩት። አሥራ ስድስት ገጽ ሆነ። አምስት ጊዜ ጽሑፍ ማዕከል ተመላልሻለሁ፤ በአምስቱም የተቀመጥኩት ከተለያየ ሰው ጋር ነው። አንዱ ዝም ይላል፣ አንዷ ጮክ ብለህ አንብብ ትላለች፣ አንዱ ነጭ ወረቀት ሰጥቶኝ ለአሥር ደቂቃ እጄን ሳላነሣ እንድጽፍ አደረገኝ። ሁሉም ግን እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፍተዋል።

ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ። «ጊዜ አለህ? የራሴ መመረቂያ አልሄድ ብሎኛል።» አብሬያት ገባሁ። ያን ዕለት የመጣችው ለማማከር አልነበረም። ወረቀቷን መሃላችን አኖረችው። በጀርመንኛ ነው፤ ከርዕሱ በቀር አንድ መስመር አልገባኝም።

«እኔ እኮ ጀርመንኛ አላነብም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጠራሁህ።»

ቢሆንም እጄ ልማዱን አልተወም፤ የማላነበውን ገጽ ሊያሰምርበት እስክሪብቶውን አንስቷል። ልጅቷ አየችኝ። ከጣቶቼ መሃል ቀስ አድርጋ መዘዘችውና ከወዲያ በኩል፣ ከራሷ ፊት አኖረችው። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

«ምን ልትዪ ነው?» አልኳት።

ኮርኒሱን አየች።