የማን እርድ ነው? ልጁስ ምን በላ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ጉዳይ ከሌላ ሰው የሰማሁት አይደለም፤ በራሴ ቤት የደረሰ ነው።

ራቤል ውስጥ መምህር ነኝ። ጠዋት በመደበኛው ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ ሕፃናትን ቁርኣን አስቀራለሁ። በየዓመቱ ስለ ምግብ የሚናገረው ምዕራፍ ሲደርስ ጥቁር ሰሌዳውን ለሦስት እከፍለዋለሁ፤ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። ተማሪዎቼ ገብስን ከመጀመሪያው፣ ባቄላንና እንቁላልን ከሁለተኛው፣ ጎመንን ከሦስተኛው ሥር ይጽፋሉ። በፈተና ይህን ጥያቄ የሚሳሳት ተማሪ ጥቂት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በገዛ ቤቴ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤታችን መጣች። የ17 ወር ልጄን ክንድ በመለኪያው ጥብጣብ ስትለካው ቁጥሩ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ቀለሙም ቢጫ ሆነ። ትርጉሙን አውቀው ነበር። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ለሆነ ሕፃን ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ አረንጓዴ ነው፤ ከ11.5 በታች ደግሞ ቀይ፣ ይኸውም ለሕይወት የሚያሰጋ ክሳት ነው። ልጄ በሁለቱ መካከል ነበረች።

“መምህር፣ ልጅቱ ምን ትመገባለች?” አለችኝ።

“ጡት ትጠባለች፤ ሙቅም እንሰጣታለን፤” ስትል ባለቤቴ መለሰች።

“እንቁላልስ? በደጃችሁ ዶሮዎች አይቻለሁ።”

ባለቤቴ መልስ ሳትሰጥ ዞር ብላ እኔን ተመለከተችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን 14 እንቁላል በቅርጫት ይዛ የሄደችው “ሽጠሽ ነይ” ስላልኳት ነበር። በምትኩ ወደ ቤት የገባው ስኳር፣ ማካሮኒ፣ ለልጅቱ አንድ እሽግ ብስኩትና ለእኔ የስልክ ካርድ ነው። ብስኩቱን ሳቀብላት ጥሩ አባት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ረሃብ ቤታችን አልገባም። ከወላጆቼ መሬት የመጣ ገብስና ባቄላ ነበረን፤ ጓሯችንም ጎመን አላጣም። የጎደለው ምግቡ አልነበረም፤ የጎደለው ምግቡ ወደ ልጅቱ አፍ የሚደርስበት መንገድ ነው።

እስቲ አካባቢያችንን እንመልከት። የእኛ ደጋ ውርጭ የሚመታው፣ የበልግ ዝናብ በቀረ ጊዜ የሚጨነቅ አገር ነው። ያም ሆኖ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ተልባ ያበቅላል። የመንዝ በግማ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከምናመርተው ገብሱ ወደ ጎተራ ይገባል፤ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤውና በጉ ወደ ገበያ ይሄዳል። ገበሬው ሰውነት የሚገነባውን ሽጦ ሆድ የሚሞላውን ያስቀራል። በምትኩ የሚገዛው ስኳርና ማካሮኒ ደግሞ ገብሱ የሚሰጠውን ያንኑ ኃይል እንጂ የጎደለውን አይተካም።

ይህ የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በአማራ ክልል ቁጥሩ ከመቶ 41 ነበር። መቀንጨር ማለት ሕፃኑ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ መቅረቱ ነው፤ ጉዳቱም ከቁመት አልፎ የአእምሮን እድገት ይነካል። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ይህን መመለስ እጅግ ያስቸግራል። በክፍሌ ውስጥ ትምህርት አልገባው ያለውን ልጅ “ሰነፍ” ብዬ የተቆጣሁበትን ቀን ሳስብ አፍራለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ለአገራችን የወጣው የአመጋገብ መመሪያ ምግባችንን እንድናፈራርቅ፣ በየቀኑ ቢያንስ ከ4 የምግብ ምድቦች እንድንመገብ፣ ጥራጥሬ ከገበታችን እንዳይጠፋ፣ ጨውና ስኳርም እንድንቀንስ ይመክራል። ይህን የሚሰማ ገበሬ “ይህ ለከተማ ሀብታም ነው” ይል ይሆናል። ነገር ግን ገብስ ላይ የሚጎድለውን የገንቢ ምግብ ክፍል ባቄላና ምስር ይሞሉታል። ገብስ አንድ፣ ባቄላ ሁለት፣ ጎመን ሦስት፣ እንቁላል ወይም ወተት አራት። አራቱም በገበሬ ደጅ የሚገኙ ናቸው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለባለቤቴ ያሳየቻትም ይህንኑ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ በመሆኑ ቀጭን ሙቅ በውኃ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ይሁን። ገብሱና ባቄላው በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶ ይፈጭ። ማብቀሉ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረትና ዚንክ ለሰውነት እንዲመች ያደርገዋል። ጎመኑ ደቆ በጥቂት ቅቤ ይግባበት። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርትን ይከላከላልና። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ለሕፃን አይሰጥ፤ ብረቱን ሰውነት እንዳያገኘው ያግዳልና።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከገጠር መጥታ እህሉ ሲበቅል አየች።

“ብቅል? በእስላም ቤት?” ብላ ደነገጠች። ለጠላ ሳይሆን ለልጅቱ ገንፎ መሆኑን ስነግራት ሳቀች፤ ግን አልተዋጠላትም። “አንተን በሶና ቆሎ አብልቼ አይደል ያሳደግሁህ?”

“እማዬ፣ ስንት ወልደሽ ስንት አሳደግሽ?” አልኳት።

ዝም አለች። ስምንት ወልዳ አምስት ነው ያሳደገችው። እንደዚያ ብዬ መጠየቄ ወዲያው ጸጸተኝ። ቆየት ብላ “የአላህ ውሳኔ ነው፤” አለች። እውነቷን ነው። እኛ ግን ሰበቡን እንድናደርስ ታዘናል። በማግስቱ ማለዳ ሳትነገር ተነሥታ ባቄላውን ስትከካ አገኘኋት። “እናቴም ለአራስ ገንፎ ባቄላ ትቀላቅል ነበር፤ እኛ ነን የተውነው፤” አለችኝ።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 168ኛው አንቀጽ ስለ ምግብ ሲያዘን ሐላል እና ጠይብ የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጧል። እኛ የመጀመሪያውን አጥብቀን ይዘናል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በበዙበት አገር ስለምንኖር ሥጋ ሲቀርብልን “የማን እርድ ነው?” ብለን መጠየቅ ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ሁለተኛውንስ? መልካም፣ ንጹሕ፣ ለአካል የሚስማማ የሆነውን ማን ይጠይቃል? በዚያው ሱራ 233ኛው አንቀጽ ስለ ሁለት ዓመት ማጥባት ሲያወሳ የእናቲቱን ቀለብ በአባት ላይ ያደርገዋል። በብዙ ቤት ግን የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው። እንቁላል ከተጠበሰ ለእንግዳና ለአባወራ ነው፤ የምታጠባዋ እናት ከሌማቱ የተረፈውን ትበላለች፤ ሕፃኑ ደግሞ ከእሷ የተረፈውን። እኔም በዚሁ ሥርዓት ስበላ ኖሬአለሁ።

ይህን ስል ችግረኛውን ለመውቀስ አይደለም። ማሳው በውርጭ የተመታበት፣ እንቁላሉን ሽጦ ጨው የሚገዛ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም። ለእሱ የሚደርስለት ጎረቤቱ ነው። ሰደቃ ስናወጣ ከገብሱ ጋር አንድ ጣሳ ባቄላ ወይም ምስር ጨምረን፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለበት ቤት ብንጀምር ምን ይጎድልብናል? ችግሬ ከችግረኛው ሳይሆን እንደ እኔ እያለው ካልሰጠው ጋር ነው።

እኛ ቤት ሕጉ ዛሬ አጭር ነው። ከ10 እንቁላል 4ቱ ገበያ አያይም። የስልክ ካርዴ ቀንሷል፤ ብስኩት መግዛትም ትተናል። ልጅቱ በየቀኑ በባቄላ የተቀላቀለ ገንፎ፣ በየሁለት ቀኑ እንቁላል ታገኛለች፤ የእናቷም ሰሐን ከእኔ ሰሐን ጋር አብሮ ይቀርባል። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ጥብጣቡ አረንጓዴው ላይ ደረሰ። ሠራተኛዋ ቁጥሩን መዝገቧ ላይ ስትጽፍ ባለቤቴ እንደገና ወደ እኔ ተመለከተች። በዚህ ጊዜ ዓይኔን አልሰበርኩም።

በማታው የቁርኣን ትምህርት ልጆቹን አሁን ሁለት ጥያቄ አስጠናቸዋለሁ። ምግብ ሲቀርብ “ሐላል ነው ወይ?” በሉ፤ ቀጥላችሁም “ትንሹ ወንድሜ፣ ትንሿ እህቴ ዛሬ ምን በሉ?” በሉ እላቸዋለሁ። ቤታቸው ሄደው እንደሚጠይቁ አውቃለሁ፤ አንዳንዱ አባት “ይህን ጥያቄ ከየት አመጣኸው?” ብሎ እኔ ዘንድ መጥቷልና።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና ጠይብ ያድርግልን፤ በእጃችን ላይ ያኖራቸውንም አማናዎች የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።