ቁመት ብቻውን አይበቃም

በሸዋ ሮቢት የቀትር ፀሐይ ሰውን ወደ ሜዳ አታስጠጋም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የቅርጫት ኳስ የሚጫወቱት ወይ ማለዳ ከደወል በፊት፣ ወይ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። በዚያች አጭር ሰዓት እጁ ረጅም፣ እግሩ ቀላል የሆነ ልጅ ከሁሉ ተለይቶ ይታያል። ወዲያውም «ይህን ልጅ ወደ አዲስ አበባ ስደዱት፤ ትምህርቱን ኋላ ይደርስበታል» የሚል መካሪ ይበዛል። ባለፈው ጊዜ የአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አባት ከማሾ ማሳቸው መጥተው «መምህር፣ ልጄ ልሂድ ይለኛል፤ ምን ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ።

በዚህ ጉዳይ እጅግ የተፈተነችው አገር አሜሪካ ናት፤ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። በ1995 ኬቨን ጋርኔት ኮሌጅ ሳይረግጥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሚኔሶታ ቡድን ገባ። በ1996 ኮቢ ብራያንት ተከተለው፤ በ2003 ደግሞ ሌብሮን ጄምስ ከሁሉ በፊት ተመረጠ። የእነዚህን የሦስቱን ዝና የሰማ ወጣት ቢቸኩል አይፈረድበትም። ነገር ግን በ2001 ከሁሉ በፊት የተመረጠው ክዋሜ ብራውንም እንዲሁ በቀጥታ የመጣ ልጅ ነበር፤ የተጣለበት ተስፋ ግን አልሰመረም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስተምረኝ የጀርሜን ኦኒል ታሪክ ነው። በ1996 ገና በ17 ዓመቱ ተመርጦ ነባር ኃያላን ወደ ሞሉበት የፖርትላንድ ቡድን ገባና አራት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ አሳለፈ። በ2000 ወደ ኢንዲያና ተዛውሮ የመጫወቻ ጊዜ ሲያገኝ፣ በ2002 ከሁሉ ይበልጥ የተሻሻለ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ቁመቱ ቀድሞም ነበረ፤ የጎደለው ሜዳው ነበር። በ2005 በተደረገው ስምምነትም አሜሪካዊ ተጫዋች በሚመረጥበት ዓመት ውስጥ 19 ዓመት ካልሞላውና ትምህርት ቤት ከጨረሰ አንድ ዓመት ካላለፈ እንዳይመረጥ ተወሰነ።

ከአገራችን ምሳሌ ብንፈልግ ሩጫ ይቀርበናል። በበቆጂ መምህር ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን በገዛ ከተማቸው ሳሉ አሠልጥነዋል። ከዚያች ከተማ የወጣችው ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 በፓሪስ በ5,000 ሜትር የዓለም አሸናፊ ስትሆን 20 ዓመት አልሞላትም። ይሁን እንጂ ብቻዋን አልነበረችም፤ እህቷ እጅጋየሁና ዘመዷ ደራርቱ ቱሉ በዚያው መንገድ የሚሮጡ ነበሩ። የእኛ ቆላ ልጅ ግን የታርማበርን ዳገት ወጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ማን ይቀበለዋል?

ስለዚህ ለአባትየው እንዲህ አልኳቸው፦ ወሳጁን ሰው አራት ነገር ይጠይቁት። ልጁ የት ያድራል? በየትኛው ትምህርት ቤት ይማራል? በሳምንት ስንት ጊዜ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል? ቢታመም ወይም ቢሰናበት ማን ይመልሰዋል? በዚህ ዕድሜ አጥንት ቶሎ ስለሚረዝም ጉልበት በልምምድ ብዛት ይታመማል፤ አሠልጣኙ ይህን ማወቅ አለበት። መልስ ከሌለ ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን እስኪፈተን እዚሁ ይቆይ።

አባትየው ነገሩን ተቀበሉ፤ ልጁ ግን እስካሁን አኩርፎኛል። ቢሆንም ማለዳ ማለዳ እየመጣ በግራ እጁ መምታት ይለማመዳል። እናንተ በየመሥሪያ ቤቱና በየኮሌጁ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ! ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትመለሱ ኳስ ይዛችሁ ኑ፤ አንድ ሰዓትም ከእነዚህ ልጆች ጋር ተጫወቱ።