መልሶ ከመንጠቅ በፊት

ገበጣንና ሰንጠረዥን ለለመድን ለእኛ የምሥራቅ እስያው «ጎ» እንግዳ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች 19 በ19 መስመር ባለው ገበታ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በየተራ ያስቀምጣሉ፤ ዙሪያው የተዘጋበት ጠጠር ይነሣል። አንዳንዴ አንዱ አንዲት ጠጠር ሲወስድ ሌላው እዚያው ላይ መልሶ መውሰድ ይችላል፤ ከልካይ ከሌላቸው ማለቂያ የለውም። ይህ «ኮ» ይባላል። ስለዚህ ሕጉ የተወሰደበትን ሰው፣ ወዲያው አትመልስ፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ተጫወት ይለዋል።

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ለምንኖር ይህ ሕግ ሩቅ አይደለም። በመስኖ ተራ ወይም በግጦሽ የተነሣ ጠብ «ወሰደብኝ፣ እመልሳለሁ» ሲባልበት ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሚበቀል ሰው የቀደመ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቀጣዩን እርምጃ የመረጠለት ባላጋራው ነው።

ይስሐቅን እንመልከት (ዘፍ. 26)። የጌራራ እረኞች በውኃው ሲጣሉት ዔሤቅን ተወ፤ ስጥናንም ተወ። እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም፤ ሌላ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ርኆቦትንም አገኘ። በኋላ ቃል ኪዳን ፈልጎ ወደ እርሱ የመጣው አቢሜሌክ ነበር።

ወገኖቻችን፣ ይህ ግፍን እሺ ማለት አይደለም፤ ሽማግሌም ዳኛም አለ። ነገር ግን ዛሬ ውኃችንን የወሰደብን ጎረቤት ቢኖር፣ ወደ ቦዩ ከመውረዳችን በፊት ሌላ ቦታ እንሂድ፤ ተንበርክከን ስለ እርሱ እንጸልይ። ጌታ ይርዳን። አሜን።