የግሪሳ አርባ ቀን

ማሽላው መዘርዘር ጀምሯል፤ ቀድሞ የተዘራው ደግሞ ወተት እየያዘ ነው። ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄም አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ግሪሳ ዘንድሮ ይመጣል ወይ?» ስለዚህ ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተምችም አላወራችሁም። ስለዚህችው ወፍ ላውራችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ማታ አረፍ ስትሉ አንብቡት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።

እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። ግሪሳን መጀመሪያ ያወቅኳት ማማ ላይ ሆኜ፣ ወንጭፍ ይዤ ነው። ያኔ ለእኛ ግሪሳ ከሰማይ የሚወርድ መዓት ነበረች። ከየት እንደመጣች አናውቅም፤ ወዴት እንደምትሄድም አናውቅም። ብቻ እንጮሃለን፣ ጅራፍ እናጮሃለን፣ ቆርቆሮ እንመታለን። ኮሌጅ ገብቼ ስለ ሰብል ጥበቃ ስማር ነው ወፏ ቤት እንዳላት፣ ልጅ እንደምታሳድግ፣ የምትሄድበትም መንገድ እንዳላት የገባኝ። በጣም ነው የገረመኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለገረመኝ ብቻ አይደለም፤ ማሽላችንን ለማዳን የሚጠቅመው ይኸው እውቀት ስለሆነ ነው።

ግሪሳ ትንሽ ወፍ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። በቀን የምትበላው ደግሞ 10 ግራም ያህል ነው። በእፍኝ እንኳን አይሞላም፤ ለአንዲት ወፍ ይህን ማን ይነፍጋታል? ችግሩ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ሚሊዮን ወፍ፣ እያንዳንዷ 10 ግራም፣ 10,000 ኪሎ ይሆናል። 100 ኩንታል ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ቀን። ከዚህ የሚበልጥ መንጋም አለ። በአፍሪካ ያለው ግሪሳ ተደምሮ የሚገመተው በቢሊዮን ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። የግሪሳ ዋና ምግብ ማሽላ አይደለም፤ የዱር ሣር ፍሬ ነው። ሜዳ ላይ የሣር ፍሬ እስካለ ድረስ እሱን ትመርጣለች። ማሽላችን የሚመጣባት የሣሩ ፍሬ ሲያልቅ ወይም ማሳው መንገዷ ላይ ሲሆን ነው። ማሽላም ዞሮ ዞሮ የሣር ዘመድ ነው፤ ፍሬው ለምንቃሯ ልክ ነው። በቆሎ ግን ይተልቅባታል። ማሾም ምግቧ አይደለም።

ጉዞዋም ሣሩን ተከትሎ ነው። በበጋ መሬት ላይ የረገፈ የሣር ፍሬ እየለቀመች ትኖራለች። ዝናብ ሲጥል እኛ እሰይ እንላለን፤ ለእሷ ግን የረሃብ መጀመሪያ ነው። ለምን? ያ ሁሉ ፍሬ ይበቅላላ! ከበቀለ ደግሞ አይበላም። ስለዚህ ከመነሳቷ በፊት ስብ ታጠራቅምና ዝናቡን ተሻግራ፣ ቀደም ብሎ ዘንቦ ሣሩ አዲስ ፍሬ ወደያዘበት አገር ትበራለች። እዚያ ትራባለች። እዚያ ጨርሳ ደግሞ ሣር ወደደረሰበት ሌላ ቦታ ሄዳ በዚያው ዓመት እንደገና ጎጆ ልትሠራ ትችላለች። ይህ በራሳችን ስምጥ ሸለቆ ተጠንቷል። ተመራማሪዎች በደቡቡ ስምጥ ሸለቆ የነበሩ ግሪሳዎች ላይ የሚያበራ ቀለም ከአውሮፕላን ረጭተው ምልክት አደረጉባቸው። ከዚያ ምልክቱ ያለባቸውን ወፎች በስተሰሜን ምሥራቅ፣ አዋሽ ተፋሰስ ውስጥ አገኟቸው። ጥናቱ የታተመው በፈረንጆች 1986 ነው። እንግዲህ እዚያ ታች የተፈለፈለ ግሪሳ ነገ የእኛም ግሪሳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ጎጆዋ።

ግሪሳ ጎጆ የምትሠራው እሾሃማ ግራር ጥቅጥቅ ባለበት፣ ወይም ረግረግ ላይ ፊላና ሸንበቆ ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ራቅ ይላል። ጎጆውን የሚሸምነው ወንዱ ነው። እርጥብ ሣር በምንቃሩ እየሰነጠቀ ያመጣል፤ ደረቅ ከሆነ አይታጠፍለትም። ዝናብ ዘንቦ ሣሩ ካልረዘመ ጎጆ የማይጀምረው አንዱ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ነገር ያስራል። ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። ሴቷ መጥታ ታያለች፤ ከወደደችው ትቀመጣለች፤ ካልወደደችው ወደ ጎረቤት ትሄዳለች። በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች፣ በጎኗ ወደ ላይ ጠጋ ብሎ በር ያላት ትንሽ ጎጆ ታልቃለች።

ሴቷ ብዙ ጊዜ 3 እንቁላል ትጥላለች፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው ነው። ቀን ቀን ወንዱም ያግዛታል፤ ሌሊት ግን የምትታቀፈው እሷ ብቻ ናት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን አይደል? ግሪሳ ጋ ቀስ በቀስ የሚባል ነገር የለም። በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመገቡት በአብዛኛው ነፍሳት ነው፤ አባጨጓሬ፣ ፌንጣ የመሳሰለው። አያችሁ፣ ለጥቂት ቀናት ተባይ ትለቅማለች። ከዚያ ወደ ፍሬ ይዞራሉ። ሁለት ሳምንት አካባቢ ከጎጆ ይወጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ራሳቸውን ይችላሉ። ወላጆቹም ትተዋቸው ይነሳሉ።

ሁሉም ሲደመር 40 ቀን አካባቢ ነው። እኛ አራሷ እስክትወጣ በምንቆጥረው ጊዜ ውስጥ ግሪሳ ጋብቻውንም፣ ቤት ሥራውንም፣ ልጅ ማሳደጉንም ጨርሳ ትሄዳለች።

ሌላው የሚደንቀው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሆኑ ነው። አንድ ግራር ላይ ብዙ መቶ ጎጆ ሊኖር ይችላል፤ ሰፈሩ ደግሞ ብዙ ሄክታር ይሸፍናል። በዚያ ሁሉ ጎጆ እንቁላሉ የሚጣለው በተቀራረቡ ቀናት ነው፤ የሚፈለፈለውም እንደዚያው። ንስሩ፣ ጭልፊቱ፣ አባ ኮዳው፣ እባቡ ሁሉ ድግስ እንደሰማ ሰው ይሰበሰባል። ግን ስንቱን በልተው ይጨርሱታል? ከመጥገባቸው በፊት አብዛኛው ጫጩት በርሮ ይሄዳል። ብዛቷ ጋሻዋ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በሌላው ጊዜ ግሪሳ እንደ ነፋስ ናት። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ወረዳ። ከማሳችን ስናባርራት የጎረቤት ማሳ ላይ ታርፋለች፤ እሱ ሲጮህባት ተመልሳ እኛ ጋ ትመጣለች። በእነዚያ 40 ቀናት ግን ልጆቿ አስረዋታል። የትም ብትውል ማታ ወደዚያው ሰፈር ትመለሳለች። ባለሙያ የት እንዳለች በእርግጠኝነት ሊያገኛት የሚችለው ያኔ ነው። 40ው ቀን ካለፈ ደግሞ ጫጩቶቹ ተጨምረውበት መንጋው በዝቶ ይነሳል፤ ያውም ማሽላችን እሸት በሆነበት ሰዓት።

ጥቆማው ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል ይሄዳል። ከዚያ የግብርና ሚኒስቴር፣ አውሮፕላን ሲያስፈልግም የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ይገባበታል። ይህ ሁሉ ቀን ይበላል። እናንተ ጎጆውን በመጀመሪያው ሳምንት ካያችሁና ከተናገራችሁ ጊዜ አለን። ጫጩቱ መብረር ሲጀምር ከተናገራችሁ ግን ብንሮጥም አንደርስም።

ታዲያ እንዴት ታውቋታላችሁ? የሴቷን ምንቃር እዩ። በሌላው ጊዜ የወንዱም የሴቷም ምንቃር ቀይ ነው። በመራቢያዋ ጊዜ ግን የሴቷ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቀይ ምንቃር ካላቸው ወንዶች መሃል ምንቃራቸው ቢጫ የሆኑ ሴቶች ካያችሁ፣ ጎጆው ሩቅ አይደለም። ወንዱ በዚያን ጊዜ ብዙውን ፊቱ ጥቁር ይሆናል። እርጥብ ሣር በአፉ ይዞ የሚበር ወፍም ልብ በሉ። ማታ ማታ እንደ ጭስ እየተጠቀለለ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ መንጋ ካያችሁ አቅጣጫውን ያዙ። አንድ ቦታ ሰማይ ላይ ጭልፊትና ንስር በዝቶ ሲዞር ካያችሁም ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቁ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ከእኛ ቀድመው ያያሉ፤ እነሱንም አስተምሯቸው።

ግን ጎጆ ሁሉ የግሪሳ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ደውለው «ልጄ፣ ግሪሳ ዋርካዬ ላይ ሰፍሮብኛል፤ ልቆርጠው ነው» አሉኝ። «አባቴ፣ እስክመጣ መጥረቢያውን ያስቀምጡልኝ» ብዬ ሄድኩ። ስደርስ ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ያለችው ቢጫዋ ወፍ ናት። የእሷ ጎጆ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ በሩም ወደ ታች ነው። ሰው ቤት አጠገብ መሥራት ትወዳለች። ጥቂት እህል ትቀምስ ይሆናል፤ እንደ ግሪሳ ግን ማሳ አታጠፋም፤ ለጫጩቶቿም ነፍሳት ትለቅማለች። «እና ይህችን ልተዋት?» አሉኝ። «ይተዋት» አልኳቸው። ዋርካውም ተረፈ። እንዲህ ያለው ጥቆማ ሲበዛ እውነተኛው ሰፈር ሳይታይ ቀኑ ያልፋል፤ ስለዚህ የጎጆውን በር አይታችሁ ለዩ።

ስለ መርዝም ልናገር። ግሪሳ የሚረጨው ወደ ምሽት፣ መንጋው ወደ ማደሪያው ሲገባ ነው፤ የሚረጨውም በባለሙያ ነው። መድኃኒቱ ግሪሳን ለይቶ አይገድልም። የሞተ ወፍ የበላ ጭልፊትም ጉጉትም አብሮ ሊሞት ይችላል፤ ጉጉት ደግሞ አይጥ የምትበላልን ናት። ስለዚህ ከሱቅ መርዝ ገዝታችሁ እህል ላይ ለውሳችሁ አትበትኑ፤ ውኃ ውስጥም አትጨምሩ። በተረጨበት አካባቢ ከብት አታሰማሩ፤ ቀፎ ካላችሁ ቀድማችሁ አንሱ። የወደቀውን ወፍ ለቅማችሁ እንዳትበሉ፤ ልጆችም እንዳይበሉ አደራ።

በየማሳችን የምንሠራውም አለ። የሣር አረም ያለበት ማሳ ለግሪሳ ግብዣ ነው፤ አርሙ። ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በተቀራረበ ቀን ዝሩ፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ብቻውን የደረሰ ማሳ መንጋውን ሁሉ ይሸከማል። መንገዷ በሆነ ቦታ ላይ ማሾ ወይም በቆሎ አስቡ። እንደ ዘንጋዳ መረር ያለ ማሽላ ወፍ እንደማይደፍረው ከእኔ ይልቅ አባቶች ያውቁታል። የደረሰውንም ቶሎ እጨዱ።

የመጨረሻው ስለ ልጆቻችን ነው። ይህን ስጽፍ ከወፏ ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ነው። የማሽላ ጥበቃና የትምህርት መጀመሪያ አንድ ወቅት ነው፤ መስከረም። ታናሽ እህቴ ሁለት ዓመት መስከረምንና ጥቅምትን ማማ ላይ ነው ያሳለፈችው። ክፍል ስትመለስ ሌሎቹ ርቀው ሄደዋል። በሦስተኛው ዓመት ትምህርቱን ተወችው። ማንም ክፉ አስቦላት አይደለም፤ ማሽላው ከተበላ ቤቱ የሚበላው የለም። አባቴን አልወቅስም።

ግን ይህችን ወፍ ስናውቃት አንድ ነገር እናገኛለን። ቀኑን ሙሉ አትበላም። በብዛት የምትበላው ከማለዳ እስከ ረፋድና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እስከ ማታ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ውስጥ ታርፋለች። እንግዲህ አምስት ስድስት ማሳ የሚዋሰን ጎረቤት ተሰብስቦ በወረፋ ቢጠብቅስ? ማለዳውን አዋቂ ይያዘው፤ ልጁ ተምሮ ይምጣና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይርዳ። የከሰዓት ተማሪ ከሆነ ደግሞ ማለዳ ረድቶ ይሂድ። ደቦ ለአጨዳ ብቻ አልተፈጠረም።

ከዛሬ ጀምሮ ከብት ስትመልሱም፣ እንጨት ስትለቅሙም፣ ገበያ ስትሄዱም ግራሩንና ፊላውን ቀና ብላችሁ እዩ። የሚያጠራጥር ጎጆ ካያችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በሩ በየት በኩል እንደሆነ እንዲታይ አድርጉ። የቦታውን ስምና ያያችሁበትን ቀን ጽፋችሁ በዚሁ ገጽ ላኩልኝ፤ ኔትወርክ ከሌለ ለቀበሌያችሁ ግብርና ባለሙያ በአካል ንገሩ። አትንኩት፣ አታቃጥሉት፤ መጀመሪያ ንገሩን። ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከእናንተ መልእክት ነው። ጽሑፉን ለሌላውም አጋሩት። እሸቱን በሰላም ያብላን።